ቁልቁለቱ የተደበቀ ዕለት

ሰፈሩ ከአስፋልቱ ወደ ታች የሚወርድ አንድ ቀጭን መንገድ ነው። ነዋሪዎቹ ሲወርዱትም ሲወጡትም "ቁልቁለቱ" ይሉታል፤ ዳገት ብሎ የሚጠራው የለም። ስሙን ያወጡት የሚወርዱት መሆን አለባቸው። የሚወጣ ሰው ስም ለማውጣት ትንፋሽ አይተርፈውም።

ልብስ ሰፊዋ የምትኖረው በመጨረሻው ቤት ነው። ከላይ የተደፋ እጣቢ፣ ዝናብ የጠረገው አፈር፣ ያመለጠ ኳስ፣ ከገመድ የወደቀ ካልሲ፣ ሁሉም ዞሮ ዞሮ የሷ ደጃፍ ላይ ያርፋል። "የጠፋባችሁ ነገር ካለ ሰፊዋ ጋ ውረዱ" ይባባላሉ ጎረቤቶቿ። እሷም ካልሲውን አጥባ፣ ተቀዶም ከሆነ ጠቅማ ትመልሳለች። ስለ እጣቢው ግን ለማንም ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ነገር በሆዷ የምትይዝ ሴት ናት።

አብረዋት የሚኖሩት አማቷ ናቸው፣ የሟች ባሏ እናት። በፊት ሌላ ከተማ፣ ሴት ልጃቸው ዘንድ ነበር የሚኖሩት። ወንድ ልጃቸው ሲሞት ለቀብሩ መጡና "የልጄ ሚስት ብቻዋን አትቀመጥም" ብለው በዚያው ቀሩ። ቁልቁለቱን ያን ጊዜ በሰው ትከሻ ተደግፈው ወረዱት። ከዚያ ወዲህ ጉልበታቸው እየከዳቸው ሄዶ መውጣቱን ተዉት። መስኮቱ ሥር ባለው ወንበር ተቀምጠው ይውላሉ። ቤቱ ከመንገዱ ዝቅ ያለ ስለሆነ በመስኮቱ የሚታየው የሰው እግር ብቻ ነው፤ ስለዚህ አማቷ ሰውን የሚያውቁት በጫማውና በጫማው ላይ ባለው ጭቃ ነው።

"ያቺ አጣቢዋ ናት፤ ዛሬም አንዱን እግሯን ጉድጓዱ ውስጥ ነክራዋለች" ይላሉ። "ያ ደግሞ ሻለቃ ነው። እንደ አቅሙ ቢራመድ ምናለ? ሰው እያዘዘ ነው የሚራመደው።"

ከመስኮቱ ሌላ የሚያስጨንቃቸው ነገር በሩ ነው። ሲዘጋ ከላይ ይጋጫል፣ ከታች ይከፈታል፣ ንፋስ ያስገባል።

"ይህ በር ምን ሆኖ ነው የማይገጥመው?"

"ዕርጥበት ነው እማማ።"

"ዕርጥበት በር ያሳብጣል እንጂ አያንጋድድም።"

ሰፊዋ በዚህ ጊዜ የስፌት መኪናዋን ፔዳል ትረግጣለች። መኪናው ሲጮህ ጨዋታው ያበቃል።

በዚያ ዓመት ማዘጋጃ ቤቱ ለሰፈሮች መልሶ ማልማት ከሕዝብ ገንዘብ በጀት መደበ፤ ለመንገድ፣ ለፍሳሽ ቦይና ለመብራት። ገንዘቡ ለሁሉም ስለማይበቃ ገምጋሚዎች እየዞሩ ነጥብ እንደሚሰጡ፣ ችግሩ የባሰበት ሰፈርም እንደሚቀድም ተነገረ። ከከተማው ሰፈር ሁሉ የቁልቁለቱን ያህል የባሰበት የለም ብሎ የሚምል ሰው ቢጠፋ፣ ቁልቁለቱ ራሱ ይምል ነበር። እናም ሁሉም በጀቱን እንደተሰጠ ቆጠረው።

ሻለቃ ግን እንቅልፍ አጣ። ሻለቃ ይሉታል እንጂ ወታደር ቤት ገብቶ አያውቅም፤ ብሎን፣ ምስማርና የቧንቧ ዕቃ ይሸጣል። ስሙ የወጣለት ሦስት ሰው ባየ ቁጥር ማሰለፍ ስለሚወድ ነው። የሰፈሩም ኮሚቴ ሊቀ መንበር እሱ ነው። ገምጋሚዎቹ ሊመጡ ሲሉ ነዋሪውን ሰብስቦ፣

"እንግዳ ሊመጣ ነው" አለ። "በዚህ ዓይነት ሊያዩን ነው? ቦዩ ተከፍቶ፣ ግድግዳው ተጋድሞ? ገበናችን አደባባይ ይውጣ?"

"ሻለቃ፣ ሊያዩ የሚመጡት ገበናችንን አይደል እንዴ?" አለች አጣቢዋ።

"ይዩት! ግን ሥርዓት ይዞ ይዩት። ችግር አለብን እንጂ ሰው አይደለንም አላልንም።"

ነገሩ ሁሉንም ነካቸው። እንግዳ ሲመጣ ያልታጠበውን ዕቃ አልጋ ሥር የማይደብቅ ቤት የለምና የሚቃወም አልተገኘም። በማግሥቱ ሰፈሩ ተነቅሎ ወጣ። ጉድጓዶቹ በሸክላ ስባሪና በአሸዋ ተሞሉ። ክፍቱ ቦይ ከሻለቃ መደብር በመጣ ቆርቆሮ ተሸፈነ፤ ቆርቆሮው እንዳይታወቅ የአበባ ማሰሮ ተደረደረበት። ወደ መንገዱ የተንጋደደውን ግንብ ምን እናድርገው ሲሉ ሰፊዋ ከተማሪ ዩኒፎርም የተረፈ ጨርቅ ገጣጥማ አንድ ትልቅ መጋረጃ ሰፋችለት። ቆንጆ መጋረጃ ነበር። ጠርዙን ሁለቴ ነው የመታችው።

ገምጋሚዎቹ በብሩህ ቀን መጡ፤ አንድ ወጣት ኢንጂነርና አንዲት መነጽር ያደረገች የበጀት ባለሙያ። ቁልቁለቱን እየተጫወቱ ወረዱት። ኢንጂነሩ አበባዎቹን ፎቶ አነሣ። ሻለቃ በኩራት ደረቱ አበጠ።

የመጨረሻው ቤት ሲደርሱ ሰፊዋ በሩ ላይ ቆማ ተቀበለቻቸው። የበጀት ባለሙያዋ ጥያቄዋን ለየቤቱ እንዳደረገችው በትሕትና አነበበች።

"ከመንገዱ የተነሣ በቤተሰብዎ ላይ የደረሰ ጉዳት አለ?"

ሻለቃ መሬት መሬቱን አየ። አብረው የወረዱት ጎረቤቶችም እንደሱ። ከሰፊዋ ኋላ፣ መስኮቱ ሥር፣ አማቷ ጆሯቸውን አቁመው ተቀምጠዋል።

"የለም" አለች ሰፊዋ።

"እግዜር ይመስገን" አለች ባለሙያዋ። ጻፈችና ወደ ላይ ተመለሱ።

ውጤቱ ሲለጠፍ ቁልቁለቱ ከሁሉም ሰፈሮች መጨረሻ ሆነ። አንደኛ የወጡት ከአስፋልቱ ማዶ ያሉት ናቸው። እነሱ ምንም አላሰናዱም ነበር። እንዲያውም የበጀት ባለሙያዋ እነሱ ጋ ስትደርስ ክፍት ቦይ ውስጥ እስከ ጉልበቷ ገባች አሉ። "እሷ ስትገባ ነጥቡም አብሮ ገባ" እያሉ የማዶ ሰዎች ሲስቁ ቁልቁለቱ ድረስ ይሰማ ነበር።

በዚያው ሳምንት ዝናቡ መጣ። አሸዋውን፣ የሸክላውን ስባሪ፣ ቆርቆሮውን አንድ ላይ ጠርጎ ሰፊዋ ደጃፍ ላይ ከመረው። የሻለቃም የአበባ ማሰሮዎች ወርደው በሯ ላይ ተደገፉ። አማቷ በመስኮት ሲያዩ እግር ሳይሆን አበባ አዩና፣

"ልጄ፣ ሠርግ አለ እንዴ?" አሉ።

ሻለቃ ማሰሮዎቹን ሊሰበስብ ወረደ። አንዱን አነሣ፣ አስቀመጠ፣ ወደ ውስጥ ተመለከተ፤ አማቷ በወንበራቸው ላይ እንዳንቀላፉ አየ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

"ቅሬታ አስገባን" አለ። "ሐሙስ እንደገና ይመጣሉ። ግን ‘ቦዩ ክፍት ነው’ ብንል ‘ፎቶው ላይ አበባ አለበት’ ይሉናል። አዲስ ነገር ካላገኘን አይሰሙንም። ከሁሉ ነጥብ ያለው ደግሞ ያ ጥያቄ ነው።"

"የቱ?"

"ታውቂዋለሽ የቱ እንደሆነ።"

ሰፊዋ መጥረጊያዋን ያዘችና አሸዋውን መጥረግ ጀመረች።

"እኔ ብነግራቸውስ?" አለ ሻለቃ። "እኔም ተሸክሜዋለሁ። የፊተኛውን ግራ ይዤ የነበርኩት እኔ ነኝ።"

"አንተ ብትናገር የኔን ጓዳ ነው የምትናገረው።"

"እህቴ፣ ጓዳሽን ለማውራት አይደለም። እማማ ናቸው እኮ ቀጣይዋ። ባለፈው ደረታቸው ሲዘጋ ሰምቻለሁ፤ ሌሊቱን ሙሉ ስታሽያቸው ነበር። ዛሬ ቢብስባቸው በምን እናወጣቸዋለን? እኔ እንደሆንኩ ያኔ የነበረኝ ወገብ ዛሬ የለም።"

ሰፊዋ መጥረጓን አላቆመችም። "እማማ ልጃቸው ሐኪም ቤት ደርሶ የሞተ ነው የሚመስላቸው" አለች።

"አውቃለሁ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ለዚህ ነው ማንም ያልተነፈሰው።"

ከዚያ ማሰሮዎቹን በሁለት እጁ ታቅፎ ወጣ። ምሰሶው ጋ ሲደርስ ቆሞ አረፈ። እዚያ ጋ የማያርፍ ሰው የለም፤ ቁልቁለቱ ከሁሉ የሚከፋው ከመብራት ምሰሶው በታች ነው።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ሰፊዋ የሸሚዝ ኮሌታ እየገጠመች ነበር። አማቷ መስኮታቸው ጋ ናቸው። ኮሌታውን ግማሽ አድርሳ ፔዳሉን ለቀቀችው።

"ምነው አቆምሽው?" አሉ አማቷ። "ክር ተበጠሰ?"

"አልተበጠሰም። እማማ፣ ያ በር የማይገጥመው ዕርጥበት ይዞት አይደለም። ተነቅሎ ስለነበረ ነው።"

"ማን ነቀለው?"

"ሻለቃ። ልጅዎን ልናወጣበት።"

አማቷ ፊታቸውን ከመስኮቱ መለሱ። ሰፊዋ ኮሌታውን እያየች ቀጠለች። ዝናብ እንደነበረ ነገረቻቸው። ደረቱን ሲይዘው የተጠራው መኪና አስፋልቱ ላይ ቆሞ መውረድ እንዳልቻለ፣ ቃሬዛም ስላልነበረ በሩን ነቅለው እንዳስተኙት፣ አራት ሰው ተሸክሞት ጭቃው እያንሸራተታቸው እንደወጡ ነገረቻቸው።

"ሐኪም ቤት አልደረሰም እማማ። መብራት ምሰሶው ጋ ትከሻ ሊቀያየሩ ሲያወርዱት፣ እዚያው ነው። መኪናው ከላይ ይታይ ነበር። የፊት መብራቱ ይበራ ነበር።"

ከመስኮቱ ውጪ አንድ ጥንድ ጫማ አለፈ። ማንም የማን እንደሆነ አልተናገረም።

"አልብሳችሁት ነበር?" አሉ አማቷ በመጨረሻ።

"ብርድ ልብስ። ከላዩ ፕላስቲክ።"

"ደግ።"

ቀጥለውም፣ "ሐኪም አየው ያልሽኝ ለኔ ብለሽ ነው ወይስ ለራስሽ?"

ሰፊዋ ጎንበስ አለች። ኮሌታው ላይ የተረፈውን ክር በጥርሷ በጠሰችው፣ ገና ያላለቀ ስፌት መሆኑን ረስታ።

"ተይው" አሉ አማቷ። "የገዛ ጥርሴ ነው የነከሰኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልኩ ያሳደግኩት ልጅ..." አልጨረሱትም። አፍንጫቸውን ጠረጉ። "ሰዎቹ መቼ ነው የሚመጡት አልሽ?"

"ሐሙስ። ሻለቃ ሲናገር ሰምተዋል ለካ።"

"ዓይኔን ነው የጨፈንኩት፣ ጆሮዬን አይደለም። ሐሙስ ካቻቢቴውን ይዞ ይምጣ በይው።"

ሰፊዋ በሩን ሊያሠሩት መሰላት። ወጣ ብላ ለሻለቃ ነገረችው።

ሐሙስ ዕለት ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ገምጋሚዎቹ በዚህኛው ጊዜ እየተጫወቱ አልወረዱም። ኢንጂነሩ ግንቡን ይዞ ሲወርድ ግንቡ እጁ ላይ ተፈርክሶ ቀረ። ሾፌራቸው ባለሙያዋን እጇን ይዞ አወረዳት፤ እሷም ማዶ የደረሰባትን ስላልረሳች እግሯን የምታስቀምጥበትን እየመረጠች ነው። መጨረሻው ቤት ሲደርሱ በመነጽሯ ላይ ሳይቀር ጭቃ ነበር።

"ቅሬታችሁን አንብበነዋል" አለች እየጠረገች። "ግን ልንገራችሁ፣ ነጥብ በስሜት አይሰጥም።"

"ስሜት ማን ጠየቃችሁ?" የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ። አማቷ ሻርፓቸውን አጣፍተው፣ ጫማቸውን አድርገው፣ በሰፊዋ ክንድ ተደግፈው ብቅ አሉ። "እኔ የምጠይቀው ሸክም ነው። ሻለቃ፣ ያንን በር ንቀለው።"

ሻለቃ ወደ ሰፊዋ ተመለከተ። እሷም እሱን ተመለከተች። ያኔ ነገሩ ገባት፤ ግን አልከለከለችም።

"እማማ፣ ምን ሊሆን ነው በሩ?" አለ ኢንጂነሩ።

"ልትሸከመኝ። አስፋልቱ ድረስ። ብታመም የምወጣው እንዲህ ነው፤ እስቲ ደህና እያለሁ እንሞክረው።"

"ወንበር ይሻላል" አለ ሾፌሩ።

"ወንበር የሚሻለው ለሚቀመጥ ነው። የታመመ ሰው ይተኛል። እኔ ግን እቀመጥበታለሁ፤ ገና አልሞትኩም።"

ብሎኖቹ አጫጭር ነበሩና በሩ ወዲያው ለቀቀ። መሬት ላይ አነጠፉት። አማቷ ብርድ ልብስ አስነጥፈውበት እንደ ዳኛ መሀሉ ላይ ተቀመጡ። ኢንጂነሩና ሾፌሩ ከኋላ ያዙ፣ ሻለቃ የፊተኛውን ግራ። አራተኛ ሰው ጠፋ። አጣቢዋ እጅጌዋን ጠቅልላ ቀኙን አነሣች።

"ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" አለች። "ለአራት ሰው ግን ወገቡ ነው።"

"አንቺ፣ አፍሽን ዝጊና እግርሽን ተመልከቺ" አሉ አማቷ። "ያንን ጉድጓድ ከመስኮቴ ሆኜ በስም አውቀዋለሁ።"

መጀመሪያ ላይ ሳቅ ነበር። ግንቡን ሳያልፉ ሳቁ አለቀ። ኢንጂነሩ ሁለቴ ተንበረከከ፤ ሁለተኛው ላይ በሩ ተንጋደደና አማቷ የበሩን ጠርዝ ጨብጠው ያዙ። ሻለቃ ማዘዙን ተወ። ባለሙያዋ ከጎን እየወጣች፣ ወረቀቷን በብብቷ ይዛ፣ ሳታስበው አንድ እጇን በሩን ደገፍ አድርጋ ነበር። ሰፊዋ ከኋላ ትከተላለች። መንገዱን አታይም፤ የምታየው ከበሩ ሥር ያለውን የድሮ የማጠፊያ ምልክት ነው።

መብራት ምሰሶው ጋ ሲደርሱ ማንም አቁሙ ሳይል ቆሙ። ትከሻ ለመቀያየር በሩን አወረዱት። የሰው ትንፋሽ ብቻ ይሰማ ነበር። ከላይ የማዘጋጃ ቤቱ መኪና ቆሞ ይታያል።

አማቷ ምሰሶውን አዩት። ከዚያ ወደ ኋላ ዞሩ።

"እዚህ ነው?"

"እዚህ ነው እማማ" አለች ሰፊዋ።

እጃቸውን ዘርግተው ምሰሶውን ነኩት፤ እንደሚያውቁት ሰው ትከሻ መታ መታ አደረጉት። ሻለቃ ፊቱን ወደ ግንቡ አዞረ። ኢንጂነሩ ከአንዱ ወደ ሌላው ተመለከተ፤ ምን እንደሆነ ባያውቅም ኮፍያውን አወለቀ።

የበጀት ባለሙያዋ ወረቀቷን ከብብቷ አወጣች። ድምፅዋ የዚያን ቀኑ አልነበረም።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እንደገና መጠየቅ አለብኝ። ከመንገዱ የተነሣ በቤተሰብዎ ላይ የደረሰ ጉዳት አለ?"

"አለ" አለች ሰፊዋ። "ባለቤቴ። በዚህ በር ላይ፣ እዚህ ጋ። መኪናው የእናንተ መኪና ያለበት ቆሞ ነበር።"

"ያኔ የለም ብለውኝ ነበር።"

"ያኔ እናቱ አልሰሙም ነበር።"

ባለሙያዋ ጻፈች። እርሳሱ እርጥብ ወረቀት ላይ ስላልያዘ ደግማ ጻፈችው።

"ጨረስሽ?" አሉ አማቷ ከበሩ ላይ። "በሉ አንሱኝ። ገና ግማሹ ይቀራል።"

አነሷቸው። አስፋልቱ ጋ ሲደርሱ አማቷ ለረጅም ጊዜ ያላዩትን የሰው ፊት፣ ሱቁንና መኪናውን ሁሉ እየዞሩ ተመለከቱ። ዕቃ እንደገዛ ሰው ረክተው ሲያበቁ፣

"ደህና። አሁን ደግሞ መልሱኝ" አሉ።

ሾፌሩ አስፋልቱ ላይ ቁጭ አለ።

ያን ዕለት ማታ በሩ ስላልተገጠመ ሰፊዋ የግንቡን መጋረጃ አውርዳ በበሩ ፋንታ ሰቀለችው። በማግሥቱ ሻለቃ ረጃጅም ብሎን ይዞ መጣ። ያኔ የገጠመው በጨለማ፣ ባገኘው ብሎን ነበር። አሁን እሷ በሩን ደግፋለት ቀስ ብሎ አሰረው። ገጠመ። አማቷ ከፍተው ዘጉት፣ ዘግተው ከፈቱት፣ ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

ሁለተኛው ውጤት ሲለጠፍ ቁልቁለቱ ከማዶዎቹ ቀጥሎ ነበር። ለደረጃውና ለቦዩ በቂ ነው ተባለ፤ መብራቱ ለሌላ ዓመት ተላለፈ። ሻለቃ ሁለተኛ መውጣታችን እነሱ ቦይ ውስጥ ሰው ስላስገቡ ነው እያለ እስከ ዛሬ ይከራከራል።

ደረጃው ተሠራ። አንዱ ጎኑ ቃሬዛ በሚያሳልፍ ስፋት፣ ደረጃ ሳይኖረው ተለሰነ። ምሰሶው ጋ ኢንጂነሩ ሰፊ ማረፊያ አስገባ፤ በመጀመሪያው ንድፍ ላይ አልነበረም። የበጀት ባለሙያዋ ተጨማሪ ሲሚንቶ ለምን አስፈለገ ብላ ልትጠይቅ ትችል ነበር። አልጠየቀችም።

አማቷ ግን አዲስ ቅሬታ አላቸው። ጭቃው ከጠፋ ወዲህ በመስኮቱ የሚያልፈው ጫማ ሁሉ አንድ ሆነባቸው፤ አጣቢዋን ከሻለቃ መለየት አቃታቸው። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ፣ ጉልበታቸው ሲፈቅድ፣ በሰፊዋ ክንድ እየተደገፉ እስከ ማረፊያው ይወጣሉ። እዚያ ተቀምጠው የሚያልፈውን ሰው በፊቱ ያዩታል። ሰፊዋም የሸሚዝ ኮሌታ ይዛ አጠገባቸው በእጇ ትሰፋለች። ስለ ምሰሶው አያወሩም። አንዳንዴ አማቷ ጀርባቸውን ደገፍ ያደርጉበታል።